ለጉልበትና ለአንገት ሕመም የሚሸጠው የእጅ ሌዘር ለማን ይሆናል?

የቤት ሌዘር ሊገዙ ካሰቡ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ሳጥኑን ገልብጠው ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ። አንደኛው በናኖሜትር የሚጻፈው የሞገድ ርዝመት ነው፤ ሁለተኛው በሚሊዋት የሚጻፈው ኃይል። ሁለቱም ከሌሉና ሳጥኑ ላይ ያለው «ጥልቅ ፈውስ» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ ዕቃውን እዚያው ይተዉት። ሌላው ሁሉ፣ ለማን እንደሚጠቅምም ጭምር፣ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚነሳ ነው።

እዚህ የምንገመግመው በብዛት የሚሸጠውን ዓይነት ነው። የእጅ ባትሪ ያክላል፣ በቻርጅ ይሠራል፤ ክብ ጭንቅላቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ባለ 650 ናኖሜትር ቀይ መብራቶችና 4 ባለ 808 ናኖሜትር መብራቶች ተደርድረዋል። ቀዮቹ በደንብ ይታያሉ። ባለ 808ቹ ግን ለዓይን አይታዩም ቢባል ይቀላል። ሥራውን በዋናነት የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ይህ መሣሪያ የሚጠቅመው የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት መጠቆም ለሚችል፣ ቦታውም ለቆዳ ቅርብ ለሆነ፣ የሕመሙን ምክንያት ሐኪም ለይቶ ለነገረው ሰው ነው። «ሁለመናዬን ያመኛል» የሚል ሰው በዚህ ዕቃ ገንዘቡን ያባክናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ደካማ ሌዘር በተላጨ የአይጥ ቆዳ ላይ ሲሞክር ፀጉሩ ቶሎ ሲበቅል አየ። ብርሃኑ አይቆርጥም፤ ሥጋውንም አያሞቅም ማለት ይቻላል። በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ቀይና ከቀይ በታች ያለውን ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ብግነቱን ያበርዳል፣ የሕመም ነርቮችንም ለጊዜው ያረጋጋል። ነገር ግን መጠኑ እንደ ወጥ ጨው ነው። ካነሰ ምንም አይሠራም፤ ከበዛም ጥቅሙ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ብዙ ሰው «ባበዛው ይሻላል» እያለ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ዋት በሰከንድ ሲባዛ ጁል፣ ማለትም ቦታው ላይ የደረሰው የብርሃን ኃይል መጠን፣ ይሆናል። 100 ሚሊዋት 0.1 ዋት ነው፤ በ60 ሰከንድ 6 ጁል ይሰጣል። ዋልት በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሌዘር ሕክምና ማኅበር ያወጣው መጠን ለጉልበት ሲተረጎም፣ ከ785 እስከ 860 ናኖሜትር ላለ ሌዘር በአንድ ነጥብ ከ4 እስከ 8 ጁል፣ ባለ 904 ናኖሜትር ለሆነው ደግሞ ከ1 እስከ 3 ጁል ነው። አሁን ይህን ይዘው ወደ ሳጥኑ ይመለሱ።

«860 ሚሊዋት» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈ፣ ቁጥሩ የሁሉም መብራቶች ድምር ነው፦ 12 ጊዜ 5 ሚሊዋት፣ ሲደመር 4 ጊዜ 200 ሚሊዋት። አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ግን የአንዱ መብራት ብርሃን ነው። ባለ 200ው በ30 ሰከንድ 6 ጁል ያደርሳል፤ አበቃ፣ በቂ ነው። ባለ 5 ሚሊዋቱ ቀይ መብራት ይህንኑ 6 ጁል ለመስጠት 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ እሱም ቢሆን ከላይ ከላይ ነው የሚቀረው፣ ወደ መገጣጠሚያ አይወርድም። ስለዚህ ቀዩ መብራት በጣም ስለደመቀ መሣሪያው ጠንካራ ነው ብለው አያስቡ። ከቀዩ ይልቅ የሚያሳስበን ግን አንዳንድ መመሪያዎች በአንድ ቦታ 15 ደቂቃ ያብሩ ማለታቸው ነው። መሣሪያው እውነት በአንድ መብራት 200 ሚሊዋት ካለው፣ 15 ደቂቃ ማለት በአንድ ነጥብ 180 ጁል ነው፤ ከሚመከረው ከ20 እጥፍ በላይ። ከሌለው ደግሞ ሳጥኑ ዋሽቷል ማለት ነው። ሁለቱም ደስ አይልም። በኛ ግምት ኃይሉን ዝቅ፣ ግማሽና ሙሉ አድርጎ የሚያስመርጥ፣ የእያንዳንዱን ደረጃ ሚሊዋት ለብቻ የጻፈ መሣሪያ ብቻ ነው ሊገዛ የሚገባው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ሌዘር ያለማቋረጥ አይበራም፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። 250 ሚሊዋት ተብሎ ተጽፎ የሚበራው ግን ከጊዜው 33 ከመቶውን ብቻ ከሆነ፣ አማካይ ኃይሉ 83 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ በደቂቃ 5 ጁል ያህል ይሰጣል። መጥፎ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ስሌቱን በ250 ከሠሩት ግን የሚያስፈልገውን ሲሶ ብቻ ሰጥተው «አልሠራልኝም» ይላሉ።

ማስረጃው ምን ይላል? ለአንገት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ 820 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 16 ሙከራዎች ደምሮ፣ ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሕመሙ ከ100 ነጥብ በአማካይ ወደ 20 ነጥብ መቀነሱን፣ እፎይታውም ሕክምናው ካበቃ በኋላ እስከ 22 ሳምንት መቆየቱን አሳይቷል። ለጉልበት መገጣጠሚያ ማለቅ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢ ኤም ጄ ኦፕን በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ 22 ሙከራዎችና 1063 ሰዎች ያሉበት ግምገማ ወጣ። ለማወዳደሪያ ከሚደረግ ሐሰተኛ፣ ብርሃን የማይሰጥ ሌዘር ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ ወደ 14 ነጥብ ቀንሶ ነበር፤ የሚመከረውን መጠን የተጠቀሙት ሙከራዎች ለብቻ ሲታዩ ደግሞ ውጤታቸው ከዚያ የተሻለ ነበር። ይሁን እንጂ ሁሉም አልተስማማም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ለመገጣጠሚያ ማለቅ ሌዘር አይሰጥ ብሏል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል ሌዘርን ጠቅሶታል፤ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን አልደበቀም። እኛ የምናየው እንዲህ ነው፦ መጠኑ ሲስተካከል የሚጠቅም፣ ሲዛባ ከንቱ የሚሆን ሕክምና ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ መጠኑን የሚያስተካክለው እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ለማን? መጀመሪያ ጉልበታቸው በዕድሜ ወይም በሥራ ብዛት ያለቀ፣ ደረጃ ሲወርዱ ወይም ከስግደት ሲነሱ የሚያማቸው ሰዎች። በተለይ ጨጓራቸው፣ ኩላሊታቸው ወይም የደም ግፊታቸው ዳይክሎፊናክና አይቡፕሮፊን አዘውትሮ መዋጥ የማይፈቅድላቸው። ለእነዚህ ሰዎች ክኒን አንዲት ፍሬ መቀነስ እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ መሣሪያውን ከልባችን የምንመክረውም ለእነሱ ነው። ቀጥሎ አንገታቸው ለወራት የተያዘ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ የሚይዙ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያጎነብሱ። ከዚያ የጅማት ሕመም ያለባቸው፦ ከክርን ውጨኛው ጎን፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት። ጅማት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ ብርሃኑ በቀላሉ ይደርሰዋል። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው የጣት ሕመምና የጠዋት ድርቀት ለአጭር ጊዜ ሊያቀል ይችላል፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን በፍጹም አይተካም።

ወገብ ላይ እንጠነቀቃለን። ጡንቻው ብቻ ከሆነ ይሞከር። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ከተጫነ ግን ችግሩ ያለው በርካታ ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ነው፤ የእጅ ሌዘር ብርሃን እዚያ ሲደርስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእጅ አንጓ ነርቭ ተጭኖ ጣት ለሚደነዝዛቸውም ማስረጃው በቂ አይደለም። የደም ግፊትና ስኳር ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው፣ የእጅ ሰዓት የሚመስለው ባለ ቀይ ብርሃን ዕቃ ደግሞ ከዚህ ወሬ ውስጥ የለበትም። እሱን አምኖ መድኃኒት ማቆም ለስትሮክ ይዳርጋል።

አጠቃቀሙን በጉልበት እናሳይ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን መሬት ያስረግጡና ጉልበትዎን 90 ዲግሪ ያህል ይጠፉት። ሲታጠፍ መገጣጠሚያው ከፊት ይከፈታል። አሁን ከጉልበት ሎሚው በታች ወደ ቅልጥም የሚወርደውን ወፍራም ጅማት በጣትዎ ይፈልጉ። በግራና በቀኙ አውራ ጣት ጎድጎድ ብሎ የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱ የመጀመሪያ ነጥቦች እነዚያ ናቸው። ከጎድጓዳው ተነስተው ጣትዎን ወደ ውስጠኛው የጉልበት ጎን አግድም ሲያንሸራትቱ ላይኛውና ታችኛው አጥንት የሚገናኙበት ቀጭን ስንጥቅ ይዳሰሳል። እዚያ መስመር ላይ፣ ሲጫኑት ይበልጥ በሚያምዎ ቦታ፣ ሁለት ነጥብ፤ በውጨኛውም ጎን ሁለት። በጠቅላላው 6 ነጥብ። የመሣሪያው ጭንቅላት ሰፊ ከሆነ ከፊት፣ ከውስጥ ጎንና ከውጭ ጎን ሦስት ቦታ ማሳረፍ ይበቃል።

ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። የማሸት ቅባት፣ ሎሽን፣ የፀሐይ መከላከያ ሁሉ ይታጠብ፤ ብርሃኑን መንገድ ላይ ያስቀሩታል። ጭንቅላቱን ቀጥ አድርገው ያሳርፉና ጫን ይበሉት። መጫኑ ለወጉ አይደለም፤ ቆዳው ሥር ያለውን ደም ገለል ያደርጋል፣ ደም ደግሞ ብርሃን ይውጣል፣ ስለዚህ ሲጫኑት ብርሃኑ ጠለቅ ይላል። ከዚያ ሳያንቀሳቅሱ ሰከንዱን ይቁጠሩ። እንደ ካውያ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ በጣም የተለመደው ስህተት ነው፤ መጠኑ ይበተንና የትኛው ቦታ ምን ያህል እንዳገኘ አይታወቅም። በልብስ ወይም በካልሲ ላይ ማብራትም ያው ከንቱ ድካም ነው። በየቀኑ አንዴ ለ2 ሳምንት፣ ወይም በየሁለት ቀኑ ከ3 እስከ 4 ሳምንት። ከዚያ ጎን ለጎን ጭንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሥሩ፤ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ ቢሆን እንኳ። ሌዘሩ ሕመሙን ሲያቀል ጉልበቱን የሚሸከመው ጭን ካልጠነከረ፣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ከተጠቀሙ በኋላ በማግስቱ ሕመሙ ባሰ? ብዙ ጊዜ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ይዝለሉና ሰከንዱን በግማሽ ይቀንሱ።

የቆዳ ቀለም ነገር በመመሪያዎቹ ላይ እምብዛም አይነሳም፤ እኛን ግን በቀጥታ ይመለከተናል። ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፣ የዋጠውንም ወደ ሙቀት ይለውጣል። ባለ 810 ናኖሜትር አካባቢ ሌዘር ጥቁር ቆዳን ከነጭ ቆዳ የበለጠ እንደሚያሞቅ፣ ባለ 904ው ግን ያን ያህል እንደማያሞቅ ተለክቶ ታይቷል። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በግማሽ ኃይል ይጀምር፤ ሰከንዱን እጥፍ ቢያደርግ ጁሉ ያው ነው፣ ሙቀቱ ግን ፋታ ያገኛል። ለብ ማለት ችግር የለውም። መለብለብ ወይም መውጋት ከጀመረ ወዲያው ያንሱት። ስኳር እግራቸውን ያደነዘዛቸው ሰዎች ግን ይህ ማስጠንቀቂያ አይሰማቸውም፤ እነሱ እግራቸው ላይ ብቻቸውን ባይጠቀሙ ይሻላል። ንቅሳት ላይም አይበራም፤ ቀለሙ ብርሃኑን ውጦ ቆዳውን ያቃጥላል። በአንገታቸው ዙሪያ ንቅሳት ያላቸውን እናቶች የሚያክም ልጅ ይህን ልብ ይበል፤ ንቅሳት የሌለበትን ቦታ፣ ማጅራትና ትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ ይምረጥ።

ዓይን ላይ ቀልድ የለም። ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት ያለው ሌዘር 3ቢ (3B) በሚባለው፣ ለዓይን አደገኛ በሆነው ምድብ ውስጥ ነው። ደማቅ ብርሃን ዓይናችን ላይ ሲያርፍ ሳናስበው እንጨፍናለን። ባለ 808ው ግን ስለማይታይ ዓይን አይጨፍንም፤ ብርሃኑ ሬቲና በሚባለው የዓይን የውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰብስቦ ሲያርፍ አያምም፣ ጉዳቱ ግን የማይድን ሊሆን ይችላል። የፀሐይ መነጽር አይከላከልም። መነጽሩ ላይ ብርሃን የመከላከል አቅሙን የሚናገር «ኦዲ» (OD) የሚል ምልክት፣ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር፣ አጠገቡም 808ን የሚያጠቃልል የናኖሜትር ክልል መጻፍ አለበት። ከሳጥኑ ውስጥ የሚወጣው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ይህ ካልተጻፈበት ሌላ ይግዙ። ክፍሉ ውስጥ ልጅ ካለ መጀመሪያ ይውጣ። መሣሪያው ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ይብራ፣ ሳይነሳ ይጥፋ። ቆዳ ሲነካ ብቻ የሚበራ ዳሳሽ ያለው መሣሪያ ለዚህ ተመራጭ ነው።

ባለ 808ው መብራት መሥራቱን ለማወቅ መነጽሩን አድርገው መሣሪያውን ወደ ወረቀት ያነጣጥሩ፤ ወረቀቱን በስልክ የፊት ካሜራ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ሐመር ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይታያል። አራት መሆን ሲገባው ሦስት ከታየ አንዱ ሞቷል። ይህ መብራቱን እንጂ ኃይሉን አይለካም። ኃይሉ በትክክል የሚታወቀው በሌዘር መለኪያ ነው፤ ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ስለማይገኝ የኃይል መጠኑን ለክቶ ወረቀት አብሮ የሚልክ አምራች ከሌላው ይሻላል። ባትሪው ሲዳከም የአንዳንዶቹ ኃይል ሳያስታውቅ ይወርዳል፤ ቻርጁ ከግማሽ በታች ሲሆን አይጠቀሙ። መስታወቱን በአልኮል እርጥብ ባደረጉት ጥጥ በየጊዜው ይጥረጉት፤ የላብና የቅባት ሽፋን ብርሃኑን ያደበዝዛል።

ጨርሶ የማይነኩ ቦታዎችና ሰዎች አሉ፦ ካንሰር ያለበት ወይም የተጠረጠረበት ቦታ፣ የእርጉዝ ሴት ሆድና ወገብ፣ እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ፊት፣ ደም እየፈሰሰ ያለበት ቦታ። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለብርሃን ስሜታዊ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ መጀመሪያ ፋርማሲስት ይጠይቁ። ከዚህም በላይ የምንሰጋው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ማስታገስን ነው። የወገብ ሕመም ላይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመረ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም መቀመጫ ከደነዘዘ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ባት አብጦ ካመመ፣ ሌዘሩን ያስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ፈቃድ አንድ ቃል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ ብዙዎቹን መሣሪያዎች የሚያሳልፋቸው ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ ዕቃ ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ነው። አንዳንዶቹ የተመዘገቡት ጡንቻ በሚያሞቅ የኢንፍራሬድ መብራት ምድብ ነው። «በኤፍዲኤ ጸድቋል» የሚል ማስታወቂያ በሽታ ማዳኑ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። «ሌዘር» የተባሉ የጉልበት መጠቅለያዎችም ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ያለው ኤልኢዲ ነው፤ ኤልኢዲ አይጠቅምም አንልም፣ በሌዘር ዋጋ ግን አይገዛ።

ከውጭ አገር ለወላጅ የሚልኩ ልጆች ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ 120 ብቻ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ያቃጥለዋል። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። መሣሪያውን ሰጥቶ መመለስ ግን አይበቃም። እናትዎን አስቀምጠው ነጥቦቹን ጉልበታቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ሰከንዱን በአማርኛ በትልቁ ጽፈው መሣሪያው ላይ ይለጥፉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አብረዋቸው ይሥሩ፤ ቀሪውን በቪዲዮ እየደወሉ ይከታተሉ።

ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ይጀምርና እስከ ብዙ ሺህ ይወጣል፤ ውድ መሆኑ ብቻ ጁሉን አይጨምርም። የተሻለዎት መሆኑን ለማወቅ ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ደረጃ ይምረጡ፤ ያንኑ ደረጃ ወጥተው ወርደው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። በየሳምንቱ ያንኑ ይድገሙ። ከ12 ጊዜ በኋላ ቁጥሩ ቢያንስ በ2 ካልቀነሰ ሌዘሩ ለእርስዎ አልሆነም። ለዚህ ነው የመመለሻ ጊዜው ከ30 ቀን ያላነሰ ሻጭ ብቻ የሚመረጠው። ዕቃው በደረሰ ማግስት ይጀምሩ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ሳጥኑንም አይጣሉት።